ሁለቱ የእንጦጦ ውኆች

በክረምት ወራት በእንጦጦ ተረተር ላይ የሚወርደው ዝናም እንደሚያርፍበት ስፍራ ዕጣው በሁለት ይከፈላል። በደቡቡ ተዳፋት ያረፈው በቀበናና በግንፍሌ ወንዞች እየተንደረደረ የከተማውን ሰፈሮች አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይወርድና በመጨረሻ ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድረ በዳ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ሲቀር፣ ጥቂት ርምጃ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብሎ የወረደው ግን በሱሉልታ ሜዳ በኩል አድርጎ ከሙገር ይቀላቀላል፤ ሙገርም ለዐባይ ያስረክበዋል፣ ዐባይም ግብጽ ድረስ ይወስደዋል። የአንድ ደመና ልጆች የሆኑት እነዚህ ሁለት ውኆች የሚሄዱባቸው ሸለቆዎች ለሥነ ምድር ሊቃውንት ሁለት የተለያዩ ዘመናት የተከማቹባቸው ግምጃ ቤቶች ናቸው። የደቡቡ ውኃ ድንቅነሽና ዘመዶቿ ወደ ተገኙበት አገር ሲያመራ፣ የሰሜኑ ደግሞ ከእርሷ 140 ሚሊዮን ዓመት ያህል ቀድመው በዚህችው ምድር ይመላለሱ የነበሩ ዳይኖሰሮች ጥርሳቸውን ትተው ባለፉበት ድንጋይ መካከል ዘልቆ ያልፋል። የፊተኛውን ግምጃ ቤት ዓለም በሙሉ ያውቀዋል፤ የኋለኛውን ግን በእንጦጦ ግርጌ ተወልደው ካደጉት መካከል እንኳ ስሙን የሰሙት ጥቂቶች ናቸው።

በአንድ ቅዳሜ ረፋድ በየካ ኮረብታ ላይ፣ ዋሻ ሚካኤል ከሚባለው ጥንታዊ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንድ የሥነ ሕይወት መምህር ከኮተቤ በኩል ይዟቸው በመጣ ተማሪዎች ተከቦ ተቀምጦ አገኘሁት። የጭራሮ ሸክም በጀርባቸው ያዘሉ እናቶች ቁልቁል ሲያልፉ ልጆቹ እየተነሡ መንገድ ይለቁና ወዲያው ወደ ጀመሩት ክርክር ይመለሱ ነበር፤ ክርክሩም ስለ ጥንት አራዊት ነበር። አንዱ የሰሜን አሜሪካውን ታይራኖሰረስ በመንጋጋው ኃይል ሲያወድስ፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ተገለጸው ስለ ሞሮኮው የስፒኖሰረስ ጅራት ያወራል፤ ጅራቱ ለመቅዘፊያ የሚሆን ሰፊና ረጅም መሆኑ ከታወቀ ወዲህ፣ ያ አውሬ ውኃ ውስጥ እየዋኘ ዓሣ ያድን ነበር ወይስ በዳር ቆሞ ብቻ ያጠምድ ነበር የሚለው ጉዳይ ሊቃውንቱን ራሳቸውን እስከ ዛሬ እንደሚያከራክር አሳምሮ ያውቃል። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር የሁለቱን ሥዕል በደብተሩ ላይ ጎን ለጎን ይሥላል። ከዳር ተቀምጣ ስታዳምጥ የቆየች አንዲት ልጅ ግን ድንገት ቀና ብላ፣ «መምህር፣ ይህ ሁሉ የአሜሪካና የሞሮኮ ነው፤ በእኛ አገርስ አልነበሩም?» ስትል ጠየቀች።

መምህሩ ፈገግ ብሎ በእጁ ወደ ተረተሩ ጫፍ አመለከተና፣ «ነበሩ እንጂ። ይህ የተቀመጥንበት ድንጋይ ግን ስለ እነርሱ የሚነግረን ነገር የለም፤ እነርሱ ከመጡና ከጠፉ በኋላ የተወለደ ነውና። የእነርሱ አገር ከዚህ ተራራ ጀርባ፣ ውኃው ወደ ሰሜን በሚወርድበት በኩል ነው» አለ። ልጆቹ ሁሉ ዝም ብለው ወደ እርሱ ዞሩ፤ እኔም ፈቃድ ጠይቄ ከመካከላቸው ተቀመጥሁ።

መምህሩ በዚያ ጠዋት በአጭሩ የተናገረውን ነገር እዚህ በሰፊው ማስረዳት ይገባኛል። ዋሻ ሚካኤልን ከዐለት የፈለፈሉት አባቶች መሮአቸውን ያሳረፉበት ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ነው፤ የእንጦጦ ተራሮች ራሳቸውም ከዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ በወጣ ቅላጭ ዐለትና በጋለ አመድ የተገነቡ ናቸው። ከዚህም በታች፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜኑን ደጋ ሁሉ ያጥለቀለቀው ጥቁር የባዛልት ድንጋይ ተነጥፏል፤ ይህም ድንጋይ በአንዳንድ ስፍራ እስከ ሁለት ሺህ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው ሲሆን፣ የጥንቱን ምድር ከነአጥንቱ ከነቅጠሉ እንደ አክንባሎ ከድኖት ይገኛል። ብዙ ሰዎች በኢትዮጵያ የነበሩትን ዳይኖሰሮች ያጠፋቸው ይህ እሳት ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ዳይኖሰሮች ከምድር ገጽ የጠፉት፣ በዛሬይቱ ሜክሲኮ ዳርቻ አንድ ግዙፍ የሰማይ ዐለት በወደቀ ጊዜ፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለ ሆነ፣ የእኛ ደጋ እሳት ሲፈስስ እነርሱ ካለፉ ከ35 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ተቈጥሮ ነበር። እሳቱ እነርሱን አልገደለም፤ መቃብራቸውን ግን ዘጋ። በሰፊው ደጋችን ላይ ቆሞ ዳይኖሰር የሚፈልግ ሰው ምንም ሳያገኝ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የተዘጋውን መቃብር የከፈቱት ወንዞች ናቸው። ምድሪቱ ከፍ ከፍ እያለች ስትሄድ፣ ዐባይና ገባሮቹ ሙገርና ጀማ በሚሊዮን ዓመታት ትዕግሥት ባዛልቱን ቈርጠው ከሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ስለ ወረዱ፣ ዛሬ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል የሚጓዝ ሰው፣ መኪናው ወደ ወንዙ በቀረበ መጠን እርሱም ሳያውቀው ወደ ኋላ በዘመን ይጓዛል። በመጀመሪያ ጥቁሩን ባዛልት ያልፋል፤ ከዚያ ስሙን ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም የወሰደውና በሥነ ምድር መጻሕፍት ሁሉ «የደብረ ሊባኖስ የአሸዋ ድንጋይ» ተብሎ የሚጠራው ይመጣል፤ ቀጥሎ «የሙገር የጭቃ ድንጋይ» የሚባለው ቀይና አረንጓዴ ኅብር ያለው ሥሥ ንጣፍ፣ ከእርሱም በታች በጁራሲክ ዘመን ባሕር ይህን አገር ሸፍኖት በነበረ ጊዜ የተነጠፈው፣ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪት የሞላበት የኖራ ድንጋይ ይታያል። ዛሬ ከባሕር ወለል በሺህ የሚቈጠር ሜትር ከፍ ብሎ የምናየው የሸዋና የጎጃም ገደል አንድ ጊዜ የባሕር ወለል ነበር ማለት ነው። ባሕሩ ወደ ምሥራቅ ሲሸሽ በስፍራው ወንዞችና ረግረጎች ቀሩ፤ ዳይኖሰሮቹም የተመላለሱት በእነዚያ ወንዞች ዳር፣ ከ150 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ይህ ጉዳይ ለዓለም ሊቃውንት በዝርዝር የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ይሠሩ የነበሩት ማርክ ጉድዊንና ዊልያም ክሌመንስ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ከሙገር የጭቃ ድንጋይ የተገኙትን የየብስ እንስሳት ቅሪቶች በአንድ ሐተታ አቀረቡ። የድንጋዩን ዘመን የወሰኑትም ከዚያው ድንጋይ በተገኘ የዕፀዋት ብናኝ ነው፤ ዐይን የማያየው የጥንት ተክል ዱቄት ከአጥንቱ ጋር ተቀብሮ ኖሮ፣ የራሱን ዘመን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹንም ዘመን መሰከረ። በዝርዝሩ ውስጥ ሳንባ ያላቸው ዓሦች፣ የሻርክ ወገኖች፣ ኤሊዎች፣ አዞ መሰል ተሳቢዎች፣ ዳይኖሰሮችም ይገኙበታል። ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሆል የሚባል ተመራማሪና ጉድዊን የዳይኖሰሮቹን ጥርሶች ብቻ ለይተው መርምረው፣ ሥጋ በልና ዕፅ በል የሆኑ ልዩ ልዩ ወገኖች በአንድነት ይኖሩበት የነበረ አገር መሆኑን አስረዱ። የሥጋ በሎቹ ጥርስ ስለታም ጠርዙ በጥቃቅን መጋዝ የተከበበ ነው፤ የዕፅ በሎቹ ደግሞ ሰፋ ብሎ ለመቅጠፍና ለመፍጨት የተዘጋጀ ነው። አፍሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ህንድና አንታርክቲካ በአንድ ምድር ተያይዘው በነበሩበት በዚያ ዘመን መጨረሻ፣ በሰሜንና በደቡብ ዓለም የነበሩት ዳይኖሰሮች ምን ያህል ይቀራረቡ እንደ ነበር ለመመርመር፣ የአፍሪካ ምስክር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ የሙገርና የጀማ ጥርሶች ከመጠናቸው በላይ ዋጋ አላቸው።

«ጥርሳቸው ከተገኘ አጥንታቸው የት ሄደ?» ስትል ያችው ልጅ እንደገና ጠየቀች፤ የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነበርና መምህሩ ጊዜ ወስዶ መለሰላት። የጥርስ ገለፈት በእንስሳ አካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ወንዝ አጥንትን እያንከባለለ ሲሰባብረውና ሲያደቅቀው፣ ጥርስ ግን ተጉዞ ተጉዞ ከደለሉ ጋር ይቀበራል። ከዚህም በላይ ዳይኖሰር እንደ ዛሬው አዞ ዕድሜውን ሙሉ ጥርሱን እየጣለ ሌላ ያበቅል ስለ ነበር፣ አንድ አውሬ አንድ አፅም ብቻ ትቶ ሲሞት፣ በሕይወቱ ሳለ የጣላቸው ጥርሶች በመቶ ይቈጠራሉ። እነዚህን ጥርሶች ለማግኘት የሚሠራው ሥራም ግዙፍ አጥንት ከመቈፈር የተለየ ነው፤ ደለል የነበረው ድንጋይ በከረጢት ተሰብስቦ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ ከላላ በኋላ በወንፊት ላይ ይታጠባል፤ የቀረው ደቃቅ ይደርቅና በአጉሊ መነጽር ሥር ቅንጣት በቅንጣት ይለቀማል። የገደሉ አቀበት አንዱ መከራ ነው፤ ከዚያ የሚከተለው የዐይንና የወገብ ድካም ደግሞ ከአቀበቱ የማይተናነስ ነው።

ከእንዲህ ዓይነቱ ለቀማ ከተገኙት ሁሉ ግን እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የዳይኖሰር ጥርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ክሌመንስና ጓደኞቹ ከዚያው ከሙገር የጭቃ ድንጋይ የወጣች፣ በሚሊሜትር የምትለካ አንዲት ጥርስ አስተዋወቁ፤ ይህችውም ከኢትዮጵያ የተገኘች የመጀመሪያዋ የጁራሲክ ዘመን አጥቢ እንስሳ ምስክር ናት። ዳይኖሰሮች ወንዙን ዳር ለዳር ሞልተው በነገሡበት ዘመን፣ ከእግራቸው ሥር ነፍሳትን እየለቀመች የምትኖር፣ ጠጕር የለበሰች ታናሽ ፍጥረት ነበረች፤ ወገኗም ለዛሬዎቹ አጥቢዎች ሁሉ፣ ለላሚቱም ለዝሆኑም ለሰውም፣ የሩቅ ዘመድ ከሆኑት ነው። እነዚያ ግዙፋን አልፈው የእርሷ ወገን ምድርን እስኪወርስ ድረስ ገና 80 ሚሊዮን ዓመት ቀርቶ ነበር። አንድ ሰው ወንፊቱን ሲያራግፍ ቢቸኩል ኖሮ ይህች ምስክር ከአሸዋው ጋር ተደፍታ ቀርታ ነበር፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ስማቸው በመጽሔት ላይ ለማይወጣው ወንፊት አጣቢዎች ያለኝ ክብር ይጨምራል።

ከሙገር ዳይኖሰሮች ጋር የሚቀራረብ ዘመን ያላቸው የምሥራቅ አፍሪካ ዳይኖሰሮች ታላቅ መቃብር በታንዛንያ ቴንዳጉሩ በሚባለው ኮረብታ ነው። በዚያ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 ጀርመኖች አገሩን በቅኝ ይዘው ሳሉ ከ200 ቶን በላይ አጥንት አስቈፍረው፣ የአገሩን ሰዎች በራሳቸው እያሸከሙ እስከ ሊንዲ ወደብ ድረስ አስወስደው ወደ በርሊን ጫኑት፤ 13 ሜትር ቁመት ያለው ያ ረጅም አንገት ዳይኖሰር እስከ ዛሬ በበርሊን ቤተ መዘክር ቆሞ ይታያል። የእኛ ጥርሶች በመዳፍ የሚያዙ ታናናሾች ናቸው፤ ነገር ግን ቴንዳጉሩ የአንድ ወገን ባሕር ዳርቻ ታሪክ ሲሆን፣ ሙገር ከዚያ በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን የነበረውን ሁኔታ ስለሚነግረን፣ አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይሆንም።

ወሬው በዚህ ሳለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው በዝግታ ሲሄዱ የነበሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመው ያዳምጡ ኖሮ፣ መምህሩ ተነሥቶ እጅ ነሣቸውና፣ «መሪጌታ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ልጆቹ ስለ ጥንት አራዊት እየጠየቁ ነው» አላቸው። እርሳቸውም ተቀምጠው፣ ስለ ብሔሞትና ስለ ሌዋታን በመጽሐፈ ሄኖክና በመጽሐፈ ኢዮብ የሚነገረውን፣ አንዱ በየብስ ሌላው በባሕር ጥልቅ የተወሰነ መሆኑን፣ አክሲማሮስም የስድስቱን ቀን ሥነ ፍጥረት እንዴት እንደሚያብራራ ለልጆቹ በጥዑም አነጋገር አስረዷቸው። ከልጆቹ አንዱ፣ «አባታችን፣ እንግዲያ የተገኙት ጥርሶች የብሔሞት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቃቸው መሪጌታው፣ «ልጄ፣ እኔ መጽሐፉን ተምሬአለሁ እንጂ ጥርሱን አላየሁትም፤ ያላየሁትን እንዲህ ነው አልልህም። ጥርሱን ያየ ያስረዳህ፤ አንተም ሄደህ እየው» አሉት። ከብዙ የተማሩ ሰዎች አፍ ያልሰማሁትን የሊቅ ጥንቃቄ በዚያ መልስ ውስጥ ሰማሁ።

ዳይኖሰሮች ካለፉ በኋላ ያለውን ዘመን ለማየት ወደ ጭልጋ መሄድ ያስፈልጋል። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ወረዳ፣ የደጋው ባዛልት ከፈሰሰ በኋላ በላዩ ላይ በተከማቸ ደለልና የድንጋይ ከሰል መካከል፣ ከ28 እስከ 27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የአጥቢ እንስሳት ቅሪቶች ተገኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ለዓለም አስታወቁ። የዚህ ግኝት ታላቅነት በዘመኑ ነው፤ ከዚያ በፊት ከ32 እስከ 24 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በአፍሪካ ምን እንደ ኖረ የሚናገር ማስረጃ እጅግ የጠፋ ነበርና፣ የአህጉሪቱ ታሪክ በዚያ ላይ ተቈርጦ ይቀር ነበር። በዚያን ጊዜ አፍሪካ ከዐረብ ምድር ጋር ተያይዛ፣ ከእስያና ከአውሮፓ ግን በባሕር ተለይታ ብቻዋን የምትኖር ደሴት ነበረች፤ አንበሳም፣ አውራሪስም፣ አጋዘንም የሚባል ገና አልደረሰባትም። በጭልጋ ጫካ ይኖሩ የነበሩት የራሷ ልጆች ብቻ ናቸው፤ ከዛሬዋ የገደል ሽኮኮ እጅግ የገዘፉ ሽኮኮዎች፣ ልዩ ልዩ የጥንት ዝሆኖች፣ ከሁሉም በላይ በአፍንጫው ላይ ሁለት ታላላቅ የአጥንት ቀንዶች ጎን ለጎን የተተከሉለት አርሲኖይቴሪየም። ይህ አውሬ ሲያዩት አውራሪስ ይመስላል፣ ዘመዶቹ ግን ዝሆኖች ናቸው፤ ቀድሞ ግብጽ ውስጥ በፋዩም በተገኘው ማስረጃ ብዙ ቀደም ብሎ እንደ ጠፋ ይታሰብ ስለ ነበር፣ በጭልጋ በ27 ሚሊዮን ዓመት ድንጋይ ውስጥ መገኘቱ ለሊቃውንቱ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ።

ከጭልጋ ዝሆኖች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 በአገሩ ስም ቺልጋቴሪየም ተብሎ ተሰየመ። ይህ በታችኛው መንጋጋው ቁልቁል የታጠፉ ጥርሶችን ይዞ በኋላ ዘመን እስከ አውሮፓና እስያ የተስፋፋው የዳይኖቴሪየም ወገን የሚታወቅ ጥንተ አባት ሲሆን፣ የምናውቀውም ከጥርሶቹ ነው። ከ24 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አፍሪካ ከእስያ ጋር በየብስ ስትገናኝ፣ ዝሆኖቹ ወጥተው ዓለምን ዞሩ፤ አውራሪሱና አጋዘኑ፣ የአንበሳም ጥንታውያን፣ በዚያው መንገድ ገቡ። እኛ ዛሬ «የአፍሪካ አራዊት» ብለን በአራት ማዕዘን ሥዕል የምንሰቅላቸው አብዛኞቹ እንግዶች መሆናቸውንና፣ ዝሆንና ሽኮኮ ግን ባለርስት መሆናቸውን ያስተማረችን ጭልጋ ናት።

የእንጦጦ እሳት በሚነድድበት ዘመን ጎረቤት አገሩ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያሳይ ሌላ ስፍራ ደግሞ በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን በኩል ያለው የሙሽ ሸለቆ ነው። 21.7 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ባለው የሙሽ ደለል ውስጥ የደን ቅጠሎች ከነሥራቸው መስመር ታትመው ቀርተዋል። ኤለን ኩራኖና ቦኒ ጄከብስ ከጓደኞቻቸው ጋር እነዚህን ቅጠሎች መርምረው፣ በዚያ ስፍራ እርጥበት የሞላበት ጥቅጥቅ ያለ ደን እንደ ነበር ከማስረዳት አልፈው፣ ነፍሳት በቅጠሎቹ ላይ የነከሱትን ቀዳዳና ፍቅፋቂ ሳይቀር ቈጥረው አጥንተዋል። አንድ ትል ከ21 ሚሊዮን ዓመት በፊት የበላው ቁርስ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ስለ ደቡቡ ውኃ ብዙ አልናገርም፤ ስለ አዋሽ ሸለቆ ብዙ ተጽፏልና። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር 15 ቀን በሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲኪካ ያገኛትን ሕፃን ሰላምን፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያላትን አርዲንም ያልሰማ የለም። ነገር ግን ከሰሜኑ ጥርሶች ጋር ላነጻጽረው የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። በአዋሽ ተፋሰስ በጮሮራ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2007 ብርሃኔ አስፋው፣ ዮናስ በየነና ጃፓናውያን ባልደረቦቻቸው ጮሮራፒቴከስ ብለው የሰየሙት 8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ጎሪላ መሰል ዝንጀሮ የታወቀው በ9 ጥርሶች ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ከለዲ ገራሩ የተገለጸው፣ በአንድ አገር ሁለት ዓይነት ጥንተ ሰዎች ከ2.8 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት አብረው እንደ ኖሩ ያስረዳው ግኝትም 13 ጥርሶች ነበሩ። ከአዋሽም ወጣ ብለን ብናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከኦሞ ሸለቆ የታወቀችው፣ ክብደቷ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይደርስ ነበር የተባለላት፣ አንበሳን የምታህል የውኃ ውሻም በመጀመሪያ የተለየችው በጥርሷና በጥቂት አጥንቷ ነው። በአዋሽ አንዲት ጥርስ ስትገኝ የዓለም ጋዜጦች ይጽፋሉ፤ ከሙገር የወጣችው ጥርስ ከዚያች በሃምሳ እጥፍ የሚበልጥ ዘመን ይዛ ሳለች ስሟን የሚያነሣ የለም። ሰው የራሱን ዘር ታሪክ ማስቀደሙ የሚያስወቅሰው ባይሆንም፣ ከሁለቱ የእንጦጦ ውኆች አንዱን ብቻ ማወቅ ግን የአገርን ታሪክ ከመካከሉ ጀምሮ እንደ ማንበብ እቈጥረዋለሁ።

ይህ ሊሆን የቻለበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ብርሃኔ አስፋው፣ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ፣ ጫላቸው ሥዩም፣ እነዚህና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ለሰው ጥንተ ታሪክ ስለ ሰጡ፣ ያ ትምህርት በአገራችን ሥር ሰድዶአል። የዳይኖሰርን ዘመን የሚያጠና ኢትዮጵያዊ ትውልድ ግን ገና መነሣት አለበት። ይህ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ለማየት የሰሜኑን ውኃ እስከ መጨረሻው መከተል ይበቃል። ከእንጦጦ የወረደው ዝናም በመጨረሻ በሚደርስበት በዐባይ ዴልታ፣ በድምያጥ ቅርንጫፍ ዳር መንሱራ የምትባል ከተማ አለች። የዚያች ከተማ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሂሻም ሳላም የጥንት እንስሳትን የሚያጠና ማዕከል አቋቁሞ ወጣት ሴቶችንና ወንዶችን ካሠለጠነ በኋላ፣ ከእነርሱ ጋር ሆኖ በዳኽላ ኦዋሲስ ከምድረ በዳው ያወጡትን፣ 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውን ረጅም አንገት ዳይኖሰር እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኒቨርሲቲያቸው ስም መንሱራሰረስ ብለው ሰየሙት። ተማሪዎቹ ራሳቸው በቁፋሮውም በጥናቱም ተካፍለዋል። የሙገርና የጀማ ገደል ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ በእንጦጦና በየካ የሚያድጉ ልጆች ወደዚያ ለመድረስ ባሕር መሻገር አያስፈልጋቸውም፤ ወንፊቱም ውድ ዕቃ አይደለም። የጎደለው የሚያስተምራቸውና ከጎናቸው የሚቆም ሰው ነው።

መምህሩ ለልጆቹ ክረምቱ ሲወጣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወስዶ ከገደሉ አፍ ላይ አቁሞ ንጣፎቹን አንድ በአንድ ሊያሳያቸው ቃል ገባላቸው። በዚህ ጊዜ ሥዕል ሲሥል የቆየው ልጅ፣ «ብናገኝስ፣ ጥርስ ብናይ፣ አንሥተን እናምጣ?» አለ።

መምህሩ ፊቱ ጠበቅ አለ። «እንዳትነኩት። መጀመሪያ በተኛበት እንዳለ ፎቶግራፍ አንሡት፤ ከአጠገቡም ብር ወይም እስክሪፕቶ አድርጉ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ከዚያ ስፍራውን ጻፉ፤ ከወንዙ በየት በኩል እንደሆነ፣ ከየትኛው የድንጋይ ንጣፍ ላይ እንደሆነ፣ ከገደሉ ላይ ተንከባልሎ የመጣ ነው ወይስ በድንጋዩ ውስጥ እንደ ተጣበቀ ነው። ድንጋዩ ዘመኑን ይነግረናል፤ ጥርሱ ከድንጋዩ ከተለየ ግን ዘመኑን የሚነግረን የለም፣ ዕድሜውም ይጠፋል። ከዚያ ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤትና ለቅርስ ባለሥልጣን ታስታውቃላችሁ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 209 መሠረት እንዲህ ያለው ቅርስ የአገር ነው፤ ያገኘው ሰው የሚጠበቅበት ማስታወቅ ነው» ሲል፣ ልጅቱ የደብተሯን የመጨረሻ ገጽ ገልጣ ከመጀመሪያው ጀምራ ጻፈችው፤ «ንጣፉን» የሚለው ላይ ስትደርስም ቀና ብላ፣ «መምህር፣ ቀዩን ነው አረንጓዴውን?» ስትል ጠየቀችው።

«ሁለቱንም ጻፊ» አላት፤ «ከመካከላቸው የትኛው እንደሆነ የሚለየው እዚያ ስንደርስ ነው።»